የሎዌል የአንድ ቀን ውሸት
ሎዌል ታከሪ የድሮ የአየር ኃይል ክፍሉን፣ የስኳድሮኑን፣ ታሪክ እንዲጽፍ የተመረጠው ብዕር ስላለው አይደለም። በሕይወት ከቀሩት የክፍሉ ሽማግሎች መካከል ዓይኑም እጁም አሁንም የሚታዘዙለት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ለተዋጊ ጄቶች ሰማይ ላይ ነዳጅ ሲያጠጣ የኖረው ስኳድሮን በመጪው መስከረም ሊዘጋ ነው። ሽማግሎቹ ቢያንስ አንድ መጽሐፍ ይቅርልን ብለው ለመኑት፤ እሱም እሺ አለ።

ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። ቦምብ የጣለ ይፎክራል፣ ጄት የመታ ይሸለማል፤ ነዳጅ ያጠጣ ሰው ምን ብሎ ያውራ? ሄድን፣ አጠጣን፣ ተመለስን፤ አለቀ። ሎዌል ግን ያቺኑ እየጎተተ፣ ካንሳስ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤቱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ከድሮ የበረራ መዝገቦች ሁለት መቶ ገጽ አወጣ። የዘለለው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱን ቀን አውቆ ነው የዘለለው።

በግንቦት ወር ከኦሃዮ አንድ ደብዳቤ መጣለት። የጻፈችው ማቪስ ቤንድ የምትባል ሴት ናት። ባለቤቷ ሮስኮ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የተዋጊ ጄት አብራሪ ነበር። አንድ ቀን ሃኖይ አካባቢ የነዳጅ ታንኩ ተመትቶ፣ ነዳጁ አየር ላይ እየፈሰሰ ሲመለስ፣ ነዳጅ የሚያጠጣ አውሮፕላን ጨርሶ መገኘት በማይፈቀድለት ቦታ ድንገት ከፊቱ ደረሰለት። ቱቦውን ሰክቶለት፣ እያጠጣ እየጎተተ፣ ማረፊያው ድረስ አደረሰው። ሮስኮ ይህን ሲያወራ ግን የሚያምነው አላገኘም። መዝገቡ ያን ቀን የተከለከለውን መስመር ያለፈ ነዳጅ አጠጪ የለም ይላል። ጓደኞቹ ፍርሃት ነው ያሳየህ፣ ነዳጁ የበቃህ በዕድልህ ነው እያሉ ሳቁበት፤ ልጆቹም አባባ ያችን ታሪኩን ጀመራት እያሉ ይጠቃቀሱ ጀመር። አሁን ልቡ ደክሟል፤ ሐኪሞቹ የሰጡት ጥቂት ሳምንት ነው። ማቪስን ያንገበገባት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ሰሞኑን እሱ ራሱ «ምናልባት ሕልም ይሆናል» ማለት ጀምሯል። እውነት ከሆነ ሳይሞት ይስማው ብላ ነው የጻፈችው።

ሎዌል ደብዳቤውን አስቀምጦ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በእነዚህ እጆች ነው ያን መዝገብ የጻፈው። የነዳጅ አጠጪው አውሮፕላን መንገድ አስሊ እሱ ነበር። አብራሪው ሻምበል ዴልበርት የተከለከለውን መስመር አልፎ ሲበር ወታደራዊ ፍርድ ቤት እንደሚጠብቀው አራቱም የበረራ ጓዶች ያውቁ ነበር። ሲያርፉ ሎዌል ጥግ ይዞ ወረቀቱን እንደገና ጻፈው፤ አውሮፕላኑን ከነበረበት መቶ ሃምሳ ማይል ወደ ደቡብ አወረደው። በሕይወቱ የዋሸው የበረራ መንገድ እሱ ብቻ ነው። ለማንም አልተናገረም፤ ለዴልበርት እንኳ።

ዴልበርት ምስኪኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻንጣውን አዘጋጅቶ መጠራቱን ጠበቀ። ጠሪ ሲጠፋ፣ አዛዡ ኮሎኔል ሃርግሮቭ አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ አለ። ወይ ጉድ! የበኩር ልጁን ሃርግሮቭ ብሎ ሰየመው። ለሰውየው በየገናው ካርድ ላከ፤ ሲሞትም እንደ አባቱ አለቀሰለት። ሎዌል ይህን ሁሉ እያየ ዝም አለ። ዝምታው በቆየ ቁጥር እየከበደው ሄደ።

አሁን ግን ዝም ማለት ሌላ ሰው መግደል ነው። በማግስቱ ጠዋት ተነሥቶ ዴልበርት ቤት ሄደ። ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ፓንኬክ ጋግሮ፣ ሽሮፑን እያንቆረቆረ፣ ዛሬ ምን ነካህና በጠዋት መጣህ ብሎ ቀለደበት። ሎዌል አልሳቀም።

«ሻምበል፣ ሃርግሮቭ አይደለም» አለው።

«ምኑ?»

«ያን ጊዜ ያዳነህ። ወረቀቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ምንም አያውቅም ነበር።»

ዴልበርት ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ።

«ልጄን በስሙ ጠራሁት እኮ፣ አንተ።»

«አውቃለሁ። ክርስትናው ላይ ነበርኩ።»

«ዝም ብለህ አየኸኝ?»

«ኬክም በላሁ» አለ ሎዌል። «ብነግርህ ራስህ ሄደህ ትናዘዝ ነበር። አውቅሃለሁ።»

እውነት ነበር። ዴልበርት ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጠው። ሎዌል በቃ፣ ይህን ወዳጅነት አጣሁት አለ በልቡ። ቢሆንም ደብዳቤውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። ዴልበርት ቀስ ብሎ ተመልሶ መነጽሩን አደረገ፤ አነበበው፣ ደገመው።

«ይሄን ሰውዬ እብድ አስባልነው» አለ።

«እኔ ነኝ ያስባልኩት።»

«አውሮፕላኑ የማን ነበር?»

«ያንተ።»

«እንግዲያው እኛ ነን። ደውል።»

ማቪስ ስልኩን አነሣች። ሎዌል ማንነታቸውን ሲነግራት ስልኩን ባሏ ጆሮ ላይ እንደያዘችለት ነገረቻቸው። የሚሰማቸው የድካም ትንፋሽ ብቻ ነበር። ዴልበርት ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ቱቦው ሲሰካ ጄቱ እንዴት እንደተንገጫገጨ፣ የሚያጠጡት ነዳጅ ግማሹ በተቀደደው ታንክ እየወጣ ከኋላ እንዴት ነጭ ጭስ ይመስል እንደነበር አንድ በአንድ ነገረው። አውሮፕላኑ ጭራ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ቱቦውን የያዘው ኤልሮይ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በመስኮቱ የሮስኮን ፊት አይቶ እንደነበርም ነገረው።

«‹ሻምበል፣ ልጅ እኮ ነው፤ እንዳንለቀው› እያለ ነበር የሚጮኸው» አለው ዴልበርት። «አልለቀቅንህም።»

ትንፋሹ ተቆራረጠ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ስንት ደቂቃ ያዛችሁኝ?»

ዴልበርት ወደ ሎዌል ዞረ። ያን ቀን ሰዓት ሲቆጥር የነበረው እሱ ነው። ሎዌል ስልኩን ተቀበለ።

«አርባ አንድ» አለ። «አርባ አንድ ደቂቃ፣ ጌታዬ።»

በዚያ በኩል ሰውየው ማልቀሱ ይሁን መሳቁ አልታወቃቸውም። ሚስቱን ሲጠራ ሰሙት።

«ማቪስ፣ ለልጆቹ ደውይላቸው» አለ። «አርባ ነበር ያልኳቸው። የተሳሳትኩት በአንድ ደቂቃ ብቻ ነው።»