ቁጥር ያልተጻፈበት ሥራ

«እስቲ ነቅንቁት» አለ ከኪራይ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ።

ሦስት ተከራዮች ተጋግዘው የግቢውን የውኃ ቧንቧ የከበበውን የብረት ሳጥን ነቀነቁት። ፍንክች አላለም። ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ መሬት ቢውጠው ይመኝ የነበረው በያጅ፣ በዚያች ቅጽበት እንኳ ደረቱ ነፋ ሲል ተሰማው። እንዴት ይነቃነቃል? ማዕዘኖቹን ደርቦ በይዶ እግሮቹን በሲሚንቶ የቀበረው እሱ ነው። በዚያ ግቢ የማያፈስና የማይዘም ነገር ቢኖር ይኸው ሳጥን ብቻ ነበር።

አከራይዋ ያሠሩት «ልጆች ቧንቧዬን ጨረሱት» ብለው ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ቁልፍ አንጠለጠሉበት። በማግስቱ፣ አዲሱን ኪራይ ያልተቀበለ ጠብታ እንደማይቀዳ አስታወቁ። አሥራ አራቱ ቤተሰብ ከማዶ ሰፈር ውኃ በጀሪካን መሸከም ከጀመረ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የበያጁ ሚስትም ትሸከማለች። ጀሪካኑን ባወረደች ቁጥር ባሏን ታየዋለች እንጂ ምንም አትለውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አቤቱታውን ያስጻፈችው፣ በየቤቱ እየዞረች ያስፈረመችው ልብስ ሰፊዋ ናት። አሥራ ሦስት ቤት ፈርሟል። በያጁ «ሥራ በዝቶብኝ» አላት። እውነቱን ለመናገር ገና ሊበዛለት ነበር፤ አከራይዋ የወንድማቸውን ፎቅ በርና መስኮት ሁሉ ሊያሠሩት ቃል ገብተውለታል። የእሱንም ኪራይ እንደማይነኩ፣ ሌሎቹ እስኪስማሙ ግን እንደነሱ ሆኖ እንዲቆይ ሹክ ብለውታል።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ አከራይዋ ለተቆጣጣሪው። «ውኃ እየተሰራረቁ ቢያስቸግሩ ራሳቸው አሠሩት። ቁልፉን አደራ ብለው ሰጡኝ።»

ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «አደራ ከሆነ ይመልሱልና፣ እትዬ።»

«አፏን እይልኝ።»

«አፌ የራሴ ነው። እሱን አልተከራየሁትም።»

ተከራዮቹ ሳቁ። ተቆጣጣሪው አልሳቀም። «ማን እንዳሠራው ማስረጃ ካላገኘሁ መዝገቡን እዘጋለሁ። ከዚያ እሳቸው ኪራይ መጨመርም፣ እምቢ ያለውን ማስወጣትም ይችላሉ።»

«ሁላችንም ሲሠራ አይተናል!»

«እናንተማ ከሳሾች ናችሁ።»

«እንግዲያው ሠሪው ይኸውልህ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ በያጁን በመርፌው አመለከተችው።

አከራይዋ ፈገግ አሉ። «እሱ? እሱ የሠራው በር ላይ ሁሉ የስልክ ቁጥሩን ይጽፋል። ውጡና መንገዱን ሙሉ እዩ። እዚህ ላይ ቁጥር አለ? ደግሞ ጨዋ ነው፤ ከነዚህ ጋር የለበትም። ፊርማውን ፈልግ እስቲ፣ የለም።»

የበያጁ ጆሮ ጋለ። «ግቢዬን የማስታወቂያ ሰሌዳ አታድርገው» ብለው ቁጥሩን ያስቀሩት ራሳቸው ነበሩ፤ እሱ ደግሞ የሀብታም ጠባይ ነው ብሎ አልፎት ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሚስቱ ላይ፣ ጀሪካኑ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ ላይ ሲበተን የከረመው ንዴት አሁን ተሰብስቦ ቦታውን አገኘ። ጨዋ ብለውታል። በገዛ ሚስቱ ጉሮሮ ላይ ብረት በይዶ ያገኘው ስም ይህ ነበር።

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለው ተቆጣጣሪው።

በያጁ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ።

«በሬ ካራጁ ይውላል» አለች ሚስቱ፣ በዘጠኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለማንም ሳይሆን።

ተቆጣጣሪው መዝገቡን ሊያጥፍ ሲል በያጁ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ወጣ። ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ የስልክ ቁጥሩን መጻፍ ጀመረ።

«ያን ፎቅ እርሳው» አሉ አከራይዋ ቀስ ብለው።

«እኔ የጠየቅሁዎት አዎ ወይም አይደለም እንዲሉኝ ነው» አለ ተቆጣጣሪው።

«እየመለስኩልዎት ነው» አለ በያጁ፣ ብሩሹን ሳያነሣ። «ያሠሩኝ እትዬ ናቸው። ቁጥርህን አትጻፍ ያሉኝም እሳቸው። ይመዝግቡት።»

የመጨረሻውን ቁጥር ጨረሰ። ትንሽ ራቅ ብሎ አየው፤ ቀጠነበት። ብሩሹን ነክሮ ተመለሰና፣ ዝናብ እንዳያጥበው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደርበው ገባ።