የመጨረሻዋ «አንተ»

ዮፍታሔ ከውጭ አገር ትምህርቱ ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ ድራማና አንድ ደንብ ነበር። ድራማው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በባዕድ አገር የተጻፈ ነው፤ የባቡር ጣቢያ ሹም ሚስት፣ ባሏ በሚነፋው ፊሽካ ስትነሣና ስትቀመጥ ኖራ፣ በመጨረሻ ራሷ ባቡር ተሳፍራ ትሄዳለች። ደንቡ ደግሞ በቡድኑ ውስጥ ማንም ማንንም «እርስዎ» እንዳይል ነው። «እኩል ነን፣ በቃ» አለ በመጀመሪያው ቀን፣ ተዋንያኑ ቆመው እሱ ተቀምጦ።

የሚለማመዱት ቀጨኔ አጠገብ ባለ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ነው። ሚስቲቱን የምትጫወተው የሺ ቀን ቀን ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ትሠራለች። እስከዛሬ መድረክ ላይ ያገኘችው ሥራ ትሪ ይዞ መግባትና መውጣት ነበር፤ ዋና ሚና ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አንድ ነገር ልበል?» አለች አንድ ቀን። «ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ባሏን አንተ ትለዋለች።»

«ታዲያ ምን ትበለው?»

«እርስዎ። እናቴ አባቴን እስኪሞት ድረስ እርስዎ ነው ያለችው። ይቺ ደግሞ የድሮ ሴት ናት። እስከ መጨረሻው እርስዎ ትበለውና ባቡሩ ላይ ስትወጣ አንተ ትበለው።»

ባልየውን የሚጫወተው አክሊል «እኔ እርስዎ ብባል አልጠላም፤ ቤት የሚለኝ የለም» አለ።

ዮፍታሔ አልሳቀም። ድራማውን የተረጎመው እሱ ነው፤ «አንተ»ን የመረጠው ለሴቶች እኩልነት ሲል መሆኑን በሰፊው አስረዳ። የሺ ልትናገር ስትል «አታቋርጪኝ፤ ስለ አንቺ መብት ነው የማወራው» አላት።

«ካልተስማማሽ ደግሞ» ሲል ቀጠለ፣ «ኦልያድ ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። ድሮ እኮ የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።»

መብራት የሚቆጣጠረው ኦልያድ ጢሙን ዳበሰ።

የሺ ሻርፗን አስተካከለች። «እሺ» አለች በዝግታ። «እርስዎ እንዳሉ ይሁን።»

አክሊል ጣሪያውን አየ። የዮፍታሔ ፊት ጋለ። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው፤ ይህ ግን አክብሮት ነው፣ አክብሮት ደግሞ ምን ተብሎ ይከሰሳል? ቅድም አጠገቡ የነበረች ሴት በአንዲት ቃል ወንዝ ማዶ ቆማለች። የትርጉሙን ገጾች አገላበጠ። ከመነሻው «አንተ» ያለች ሚስት፣ ስትሄድ ምን ቃል ይቀራታል?

በማግስቱ «ያልሽውን እንሞክረው እስቲ፤ ለሙከራ ያህል» አለ። የሺም እሱን እንደገና «አንተ» ማለት ጀመረች።

ድራማው በታየበት እሑድ የሺ ለባሏ ምሳ ስታቀርብ እርስዎ፣ ኮቱን ስታለብሰው እርስዎ፣ ስታለቅስም እርስዎ እያለች ቆየች። በመጨረሻ ሻንጣዋን አንሥታ የባቡሩን ደረጃ ወጣችና ዘወር አለች።

«አንተ» አለችው። «ፊሽካህን ንፋ።»

ከፊት ወንበር «በስመ አብ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የየሺ እናት ወይዘሮ ገበያነሽ ነበሩ። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«መሄዷስ ትሂድ» ይሉ ነበር ወይዘሮ ገበያነሽ ሲወጡ ለጎረቤታቸው፤ «ሰውየውም አበዛው። ግን ባሏን አንተ? ያውም በሰው ፊት?»

በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ የቲያትር መምህር የዮፍታሔን እጅ ጨበጡ። «ያቺን ‹አንተ› እስከ መጨረሻ ደብቀህ ማቆየትህ ግሩም ነው። ሴቶች የሚገቡህ ተርጓሚ ነህ።»

የሺ ሻንጣዋን እንደያዘች ከኋላው ቆማለች። ዮፍታሔ አያት፤ አፉን ከፈተ።

«አመሰግናለሁ» አለ።

ሰውየው ሲሄዱ ወደ እሷ ዞረ። «የአንቺ ሐሳብ ነው ልላቸው ነበር እኮ። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለችና ሻንጣውን አስያዘችው። «ይግቡ፤ ብርድ እንዳይመታዎት።»