ግንቡ ወይስ ወደቡ

"ሆስፒታሉ ነው፣ ጤና ይስጥልኝ። ማዋለጃ ክፍል? ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ።"

ኦፕሬተሯ በግራ እጇ መስመሩን አቀበለችና በቀኟ ጠዋት የመጣላትን የአስተዳደር ደብዳቤ ወደ ራሷ ሳበች። ሌላ መብራት በራ።

"ሆስፒታሉ ነው፣ ጤና ይስጥልኝ። አይ አባቴ፣ የዐይን ሐኪሙ ሰኞ ነው የሚገቡት። አዎ፣ ሰኞ ጠዋት። አይዞዎት።"

ፖስታውን በእስክሪብቶ ጫፍ ቀደደችው። ደብዳቤው አጭር ነበር። ከነገ ጀምሮ የአምስት ቀን ፈቃድ ትወስዳለች። በእነዚህ ቀናት ጥሪ በራሱ የሚመልስ መሣሪያ ይተከላል። ስትመለስ የሥራ ቦታዋ መዝገብ ቤት ይሆናል።

መስኮት በሌላት በዚህች ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ሐኪሞቹ "እትዬ ሄሎ" ይሏታል። በስልክ ይቀልዱባታል፣ ያማክሯታል፣ አንዳንዴም ይቆጧታል። ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ግን መልኳን ስለማያውቁት ዝም ብለው ያልፋሉ።

መልኳንም ድምፅዋንም አንድ ላይ የምታውቀው የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ፣ ካሸሯ፣ ብቻ ነበረች። በምሳ ሰዓት ሳህኗን ይዛ መጣችና እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ኦፕሬተሯ ስለ ፈቃዱ ነገረቻት። የመዝገብ ቤቱን ነገር ግን ዋጥ አደረገችው።

"አምስት ቀን ሙሉ ምን ልትሠሪ ነው?"

"ቤቴን አጸዳለሁ።"

"የቱን ቤት? እናትሽ ካረፉ ወዲህ ማን አቆሸሸው?" ካሸሯ እንደተናገረች ደነገጠች። "ውይ፣ ይቅር በይኝ! ይሄ አፌ!"

"ምን አጠፋሽ፣ እውነትሽን ነው።" እናቷን አሥራ አንድ ዓመት አስታማ ከቀበረቻቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቷ ውስጥ ጠዋት ጥላው የሄደችውን ብርጭቆ እንኳ ማታ እዚያው ታገኘዋለች።

"ወጣ በይ እንጂ! የማታውቂውን አገር እይ።"

"ከሄድኩማ ወይ የግንቡ ከተማ ወይ የወደቡ ከተማ ነው።"

ሁለቱም ጥንታዊ ከተሞች ናቸው፤ አንዱ ወደ ተራራው፣ ሌላው ወደ ባሕሩ፣ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ። የወደቡን ከተማ ልጅ ሆና በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አይታዋለች፦ ነጫጭ የነጋዴ ቤቶች፣ ጠባብ መንገድ፣ ጫፉ ላይ የመርከብ መብራት። ያን ጊዜ ነው የተመኘችው። የግንቡን ከተማ የጨመረችው ምርጫ ያላት እንዲመስል ነበር።

"ይሄም ይጠየቃል? ባሕር እያለ ድንጋይ ማን ያያል!" አለች ካሸሯ።

"እንግዲያው ነይ አብረን እንሂድ።"

"እኔ? ባሌንና ሦስቱን ጉዶች ለማን ጥዬ?" ካሸሯ ከልቧ ሳቀች። ኦፕሬተሯም አብራ ሳቀች። እንደ ቀልድ ያለችው በቀልድ እንዲያልፍላት ነው።

ብቻዋን ስትቀር በገዛ ሞባይሏ ወደብ ያለ አንድ ሆቴል ደወለች። "ክፍል ለመያዝ አንድን ይጫኑ" አላት የተቀዳ ድምፅ። ተጫነች። ሙዚቃ ሰማች። ከዚያ አንድ ፈጠን ያለ ወጣት አነሳው።

"ለስንት ሰው?"

"ለአንድ።"

"ባሕር የሚያይ ክፍል አለን። መልእክት እልክልዎታለሁ፤ እስከ አሥር ሰዓት ካረጋገጡ ክፍሉ የእርስዎ ነው።"

ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ምንም አላጠፋም። ሆኖም የሆነ ነገር ቅር አላትና የግንቡ ከተማ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ። ልትዘጋው ስትል አንዲት አሮጊት እያለከለኩ አነሱት።

"አቤት! አቤት! አትዝጉት! ደረጃ ላይ ሆኜ ነው።"

"አልዘጋሁም።"

"ቆዪ ልጄ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።"

ቆየች። ከኋላቸው ሬዲዮ ይሰማል፤ የድስት ክዳን ይንቀጫቀጫል። ኀምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልጄ ያላት ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

"ክፍል ፈልጌ ነበር እማማ። ለአንድ ሰው፣ ለአራት ሌሊት።"

"ክፍልስ ሞልቶኛል። ግን ሳልነግርሽ ብቀር ኃጢአት ነው፤ ግንቡ ለጥገና ተዘግቷል። በቆርቆሮ አጥረው ሸራ አልብሰውታል። እሱን ብለሽ ከሆነ ወደብ ይሻልሻል።"

"እንግዳ እንዲህ ይመለሳል?"

"የዋሸሁት እንግዳ ቁርስ ላይ ሲያፈጥብኝ ማን ይችለዋል! ድምፅሽ ግን እንዴት ያምራል። ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ሆስፒታል ስልክ አገናኛለሁ። እስከ ዛሬ።"

"እስከ ዛሬ ማለት?"

ከካሸሯ የደበቀችውን ለማታውቃቸው ሴት ዘረገፈችው፤ መሣሪያውን፣ መዝገብ ቤቱን፣ ፋይል መልስ እንደማይሰጥ። አሮጊቷ ሳያቋርጡ ሰሟት። አይዞሽም አላሏት።

"ባሌ ሲሞት እንግዳ መቀበል ጀመርኩ" አሉ በመጨረሻ። "ሰው ለገንዘብ መስሎታል። እኔን ያስፈራኝ የቤቱ ዝምታ ነው።" ከዚያ "ምሳ በላሽ?" አሏት።

ኦፕሬተሯ የቀዘቀዘ ሳህኗን አየችው። "አልጨረስኩም።"

"ጨርሺ እንጂ! የኔም ድስት ሊያርብኝ ነው። አስቢበትና ደውይ።"

ከሰዓት በኋላ የአስተዳደር ኃላፊው ሁለት ቴክኒሻኖች አስከትሎ ገባ። "ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ፣ አንረብሽዎትም" አላት። ቴክኒሻኖቹ ግድግዳውን ለኩ፤ ወንበሯን ዞረው ለኩ። "እግርዎን ትንሽ ያነሳሉ?" አለ አንደኛው። እግሯን አንስታ የሕፃናት ክፍልን አገናኘች።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል መስመሮቹ ፋታ ሰጧት። የሆቴሉን መልእክት ከፈተችው። ፎቶም ነበረው። ባሕሩ እጅግ ሰማያዊ ነበር፤ ከመስኮቱ ፊት አንድ ወንበር ተቀምጧል። አየችው፤ አየችው፤ ከዚያ ሌላኛውን ቁጥር ደወለች።

"የሆስፒታሏ ነኝ። ነገ እመጣለሁ።"

"ግንቡን አታዪውም እኮ!"

"ይቅርብኝ።"

"እሺ በቃ። ሁለት ክፍል አለኝ። የላይኛው ጸጥ ያለ ነው፣ ሰላምሽን የሚነሳሽ የለም። የታችኛው ከማድቤቴ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው። ሳይነጋ ዕቃ አንኳኳለሁ፣ ሬዲዮ አስጮኻለሁ፣ ሲብስብኝ ከራሴም ጋር አወራለሁ። ለሱ ዋጋ እቀንሳለሁ። ላይኛውን ላንጥፍልሽ አይደል?"

ቴክኒሻኑ ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። ኦፕሬተሯ አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች።

"የታችኛውን ይስጡኝ" አለች። "ዋጋውንም አይቀንሱት።"