የተበጠሰችው ሞገድ

«ሽማግሌው አሁን ይመጣሉ። ደረሰኙን ታይና ‹ሐሰተኛ ነው› ትላለህ፤ ሌላ ቃል አትጨምርም» አለ ሐጂ ኸሊል፣ የማተሚያ ቤቱን በር በጀርባው ዘግቶ።

ጋረደው የጣቱን ቀለም በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የኸሊልን የሰሊጥ መጋዘን ደረሰኝ የሚያትመው እሱ ብቻ ነው። ቀደም ሲል ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያትም ሲበዛ የደረሰኙን ጠርዝ በቀጫጭን የሞገድ መስመሮች ሞላውና ከግራ ዘጠነኛዋን ሞገድ ማተሚያ ሰሌዳው ላይ በመርፌ ጫፍ በጠሳት። ላላወቀ ሰው አትታይም። ምስጢሯን የሚያውቁት እሱና ኸሊል ብቻ ናቸው።

«የገበሬዋን የባሕሪያን ሰሊጥ የተረከቡት እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ ሐጂ?»

«ዋጋ ሲወጣ ሸጥኩት። አሁን አርባ ሹዋል ሰሊጥ ከየት ላምጣላት?» ኸሊል ፈገግ አለ። ውሃም የሚወስደው እያሳሳቀ ነው። «ይልቅ ሰሞኑን ከሻው፣ የፖሊሱ አፈሳ፣ በርትቷል አሉ። ሐበሻውን እያፈሱ ከድንበሩ፣ ከገላባት ማዶ ይጥሉታል። ለመሆኑ የመኖሪያ ወረቀትህ ዋስ ከእኔ ሌላ ማን ነበር?»

ጋረደው ፈራ። ሦስቱም ልጆቹ የተወለዱት እዚሁ ነው፤ ከገላባት ማዶ የሚያውቁት ሰው የለም።

በሩ ተንኳኳ። የሰሊጥ ገበያው ሽማግሌ ሼህ ሰላሃዲን ገቡ፤ ባሕሪያ ተከተለቻቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባሱንዳ ገጠር ብቻዋን የምታርስ ሴት ናት። ደረሰኙን ከጉያዋ አውጥታ ከተጠቀለለበት ላስቲክ ፈታችው።

«ወንድምዓለም፣ ሐሰት ነው አሉኝ» አለች። «እኔ እንደሁ ማንበብ አልችል። የዓመት ልፋቴ ይቺው ናት።»

ጋረደው ማጉያ መነጽሩን አስጠጋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠነኛዋ ላይ ዓይኑ ቆመ። ተበጥሳለች፤ የገዛ እጁ ሥራ ናት። ጥግ ላይ የቆመው ኸሊል መቁጠሪያውን መቁጠር አቆመ።

«እህስ፣ ምን ትላለህ?» አሉ ሼሁ።

ምስጢሯ ከወጣች እንጀራው አብሯት ይወጣል። ጋረደው ካልተሠራበት የደረሰኝ ጥራዝ አንድ ቅጠል ገንጥሎ ከባሕሪያ ደረሰኝ ጎን ዘረጋውና ማጉያውን ለእሷ ሰጣት።

«እታለም፣ ማንበብ አያሻም። መቁጠር ትችያለሽ አይደል? ሁለቱንም ከግራ ጀምሪ፤ ዘጠኝ ላይ ስትደርሺ ያየሽውን ለሼሁ አሳዪያቸው።»

ባሕሪያ ጎንበስ ብላ ጮክ እያለች ትቆጥር ጀመር። አምስት ላይ በሩ ተከፈተ። ኸሊል ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወጣ፤ ከውጭ ለፖሊስ የጋረደውን ስም ሲናገር ተሰማ።

ባሕሪያ ቀና አለች።

«ቀጥዪ» አላት ጋረደው። «ስድስት።»