ያልተፈታው ጾም

እህቴ አስካለች ምግብ በሞላበት ቤት ራሷን ስታስርብ፣ እኛ ጾመኛ ናት ብለን አመሰገንናት። ጥፋቱ ይኸው ነው።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ያሳለፍኩት ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ነበር። ለሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው የካ ወዳለው ቤታችን ስመጣ እናቴ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ገና ከደጃፍ፣

«እህትሽ እስከ ማታ እህል አትቀምስም። በየማለዳው እንጦጦ ራጉኤል ወጥታ ትሰግዳለች። አንቺ መጽሐፍሽን ታቅፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ።

አስካለች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከጓዳ ስትወጣ ለአፍታ አላወቅኋትም። ስስማት ከንፈሬን የነካው አጥንት ነበር። ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

በማግስቱ ተከትያት ወጣሁ። በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን እንደሚያባርሯት ሰው ወጣችው።

«ቀስ በይ እንጂ።»

«የሺ፣ የዩኒቨርሲቲው ዳቦ ነው የከበደሽ» አለች ሳትዞር።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሰን ትሰግድ ጀመር። ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ መልሳ ትወድቃለች። እጅጌዋ ሲሰበሰብ ክንዷን አየሁት። ቀጥኖ ሸንበቆ አክሏል፤ እንደ አራስ ልጅ ለስላሳ ጸጉር አብቅሏል።

«የወር አበባሽስ?»

«ከቀረ ቆየ። ተገላገልኩ።»

«አስካል፣ ይሄ ጾም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ስሙን አላውቀውም ነበር። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ከትምህርት ቤት ሲያስቀሩኝ የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌ ሲቀበሉም የጠየቀኝ የለም። አፌ ግን የኔ ነው።»

ቤት ገብቼ ሐኪም ያስፈልጋታል ስል እናቴ፣ «ጠበል ይበቃታል» አለች። ጠበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባታችን መምሬ ሀብተወልድ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ከፈቱላት ትበላለች ብዬ አመንኩ። ሰምተውኝ ዕለቱን መጡ።

«ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጾም የለብሽም። ፈትቼሻለሁ።»

አስካለች መስቀላቸውን ተሳለመች። «አባቴ፣ እስከዚህ ደርሼ ከማፈርስ፣ ጥቂት ቀን ነውና ፋሲካን ልጠብቅ።»

እናቴ አለቀሰች፣ ከደስታ። እኔ ግን በየሌሊቱ እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጥ ጀመር።

ፋሲካ ነጋ። ዶሮው ቀረበ። አባቴ አቶ ጎበና አጎረሳት፣ እናቴ አጎረሰቻት፣ መምሬም ባርከው አጎረሷት። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ሁሉንም ተቀበለች። እኔም እፎይ ብዬ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ጠግቤ በላሁ።

ውሃ ላመጣ ጓዳ ስገባ አስካለች ጥግ ላይ ተንበርክካ የነጠላዋን ጫፍ ትፈታለች። ጉርሻዎቹ በሙሉ እዚያ ነበሩ፤ ርሰው፣ ሳይታኘኩ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለች። «መብላት እኮ እፈልጋለሁ። እምቢ ይለኛል፤ ከዋጥኩ የሆነ ነገር የሚደርስብኝ ይመስለኛል። ፈርቻለሁ፣ የሺ።»

እስከዚያ ቀን እሷም እንደምትፈራ አላወቅኩም ነበር።

ነጠላውን ከእጇ ወስጄ ሁሉም ባሉበት መሶቡ አጠገብ ዘረጋሁት። እናቴ፣ «ፋሲካ ነው እኮ» አለች፣ ሌላ ቃል እንደጠፋት ሰው። መምሬ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ።

«ይህቺን እኔ አላሰርኳትም፣ ልፈታትም አልችልም። ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ አሁኑኑ።»

ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ውጭ ጠርቶኝ ልቧ በጣም መድከሙን፣ ሰውነቷ ራሱን እየበላ መሆኑን ነገረኝ። «በጥቂት በጥቂቱ ነው የምትበላው፤ ነርሷ አጠገቧ ተቀምጣ። እህትሽም የልቧን ታጫውታት። ቤተሰብ ለጊዜው አይምጣ። የሚያጎርሳት፣ የሚለምናት፣ የሚያለቅስባት ሰው አልፈልግም።»

«ትድናለች?»

«ከበላች። ረጅም ጊዜ ይወስዳል።»

ተሰናብቼ ልወጣ ስል አስካለች እጄን ያዘችው። እጇ በረዶ ነው።

«ውሰጂኝ። ቤት እበላለሁ። በራጉኤል እምልልሻለሁ።»

ነርሷ የአጥሚት ኩባያ ይዛ ወንበሩን ሳበች። አስካለች ኩባያውን ያየችበት ዓይን ቢላዋ የሚታይበት ዓይን ነበር።

«የሺ፣ ከሷ ጋር አትተይኝ።»

ብወስዳት እናቴ እልል ትል ነበር። እኔም ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

ጣቶቿን ከእጄ ላይ አላቀቅሁ፣ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።