የሙሽሪት ጌጦች

የአባቴን መኪና ሰፈሩ «ሙሽሪት» ይላት ነበር። የአድናቆት ስም እንዳይመስላችሁ። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ጌጧን ማውለቅ የረሳች ሙሽራ ናት ለማለት ነው። ኮፈኗ ላይ ክንፉን የዘረጋ ብርማ ንስር ተቀምጧል። ከንስሩ ጀርባ አየር ማስገቢያ መስሎ አንዲት ትንፋሽ የማያስገባ የፕላስቲክ አፍንጫ አለ። ከግራ ጎማዋ በላይ፣ ፓራፋንጎዋ ላይ፣ ሦስት ክብ የውሸት ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ በቀኙ ደግሞ ከመጠን ያለፈ የፈረስ ጫማ ተለጥፏል። የፊት መብራቶቿ ሽፋሽፍት አላቸው። ከኋላዋ ልብስ የሚያሰጣ ክንፍ አለ። ልብስ የሚያሰጣ ያልኩት ለማጋነን አይደለም፤ እናቴ አንድ ቀን ተናዳ ፎጣ አስጥታበታለች።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው የአባቴ ሙያ ነው። ባትላሜራ ነበር። የተጨራመተ መኪና እየቀጠቀጠ ያቃናል፤ ካቃናው በኋላ «የተመታው እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጣቱ የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም የሚቀባ ባለሙያ ካየ ሌባ ያየ ያህል ፊቱ ይቋጠራል። ብረት ወደ ቦታው ይመለሳል እንጂ አይሸፈንም ይላል። ይህን እያለ ሙሽሪት ከጋራዡ በር ላይ ከነንስሯ ቆማለች። ደንበኛው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል። የራሱን መኪና እንዲህ ያደረገ ሰው የኔን ምን ሊያደርጋት ነው ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሄደም አልጠፋም።

እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ጌጦቹን እወዳቸው ነበር፤ ዛሬም ደፍሬ እናገራለሁ። አባዬ አዲስ ጌጥ ሲያመጣ በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞት ይገባል። ወረቀቱ ሲገለጥ የአዲስ ፕላስቲክና የዘይት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። እናቴ «ደግሞ ይሄ ምንድነው?» ትላለች። እሱ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያለው፤ «አምሮኝ ነው።» ከዚያ እኔና ታናሽ ወንድሜ ንስሩን በጥርስ ሳሙና ስናሸው እንውላለን። ፊታችን በክንፉ ላይ ተንጋዶ ይታየንና በሳቅ እንፈነዳለን። ያን ጊዜ ከእኛ የበለጠ መኪና ያለው ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። እንዴት ያለ ዘመን ነበር።

ወንድሜ ትንሽ ከፍ ሲል ማፈር ጀመረ። ትምህርት ቤት ሳንደርስ፣ ከማዕዘኑ ላይ አውርዱኝ ይላል። አድጎም ባትላሜራ ሆነ፤ ከአባቱም የባሰ ጥንቁቅ ወጣው። ሠራተኞቹ «ሚሊሜትር» ነው የሚሉት። ከአባዬ በተረከበው ጋራዥ አንድ ተለጣፊ ጌጥ አይገባም፤ ደንበኛ ቢለምነውም «ሌላ ቦታ ሂድ» ነው መልሱ። እኔ እዚያው ጥግ ላይ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ። ቤታችን ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ሥራና ኑሮ ተለይቶ አያውቅም።

እናቴ መንዳት የተማረችው በሙሽሪት ነው። ያኔ ሙሽሪት ሙሽራ ሳትሆን፣ ምንም ያልተለጠፈባት ሰማያዊ መኪና ነበረች። በሰፈሩ መሪ የጨበጠች ሴት ስላልነበረች ሰው በየበሩ ቆሞ ያያታል፤ ይሄ ይበልጥ ያስደነግጣታል። አንዳንድ ማታ ፊቷ አመድ መስሎ ትገባና አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። «የሆነ ነገር ነካሁ መሰለኝ» ትላለች፤ ወጥታ ለማየት ግን ወኔው የላትም። አባዬ ባትሪውን ይዞ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይመለሳል። «ምንም አልሆነም፤ ቀለሙ እንኳ አልተነካም» ይላታል። በማግስቱ እሷ ሳትነሳ እሱ መኪናዋን ይዞ ወጥቷል።

እንዲህ እንዲህ እያለች መንዳት ብቻ ሳይሆን ማስተማርም ያዘች። የሰፈሩ ሾፌር ግማሹ የእሷ ተማሪ ነው። «ፍሬን!» እያለች ስለምትጮህባቸው «ወይዘሮ ፍሬን» ብለው ሰየሟት። ተማሪ የሆነ ነገር በነካ ቁጥር አንዲት ንግግር ነበረቻት። መሪ ከያዘችበት ቀን ጀምሮ በአንድ መኪና ላይ አንድ ጭረት እንዳላሳረፈች፣ ይህም በጥንቃቄ እንጂ በዕድል እንዳልሆነ ትነግራቸዋለች። ይህን ሰምቶ እንባውን የጠረገ አለ፤ ተስፋ ቆርጦ የቀረም አለ። ኩራቷ ይህ ነበር። አባዬ ሲሞት እንኳ ለቅሶ የመጣ ሰው ፊት «እሱ ወርቅ ሰው ነበር፤ ጣዕም ግን አልፈጠረበትም» ብላ ሰውን በእንባ መሐል አስቃለች።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። እናቴም ዓይኗ ስለደከመ መሪ ትታለች። ዘንድሮ ግን «ልጅሽን እኔ ነኝ የማስተምራት» ብላ ተነሳች፤ በሙሽሪት። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚያ ሽፋሽፍት መታየቱ ጨንቋታል፤ ግን አያቷን እንዴት ብላ እምቢ ትበላት። በሁለተኛው ቀን ወደ ኋላ ስትመጣ የጋራዡን በር ምሰሶ በመኪናዋ የኋላ በር መታችው። ድምፁ እኔ መስፊያ ድረስ ተሰማ።

እናቴ ያችን ንግግር አመጣቻት። ይባስ ብላ «በዚህች መኪና ላይ ጉዳት ያደረስሽ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ» አለቻት። ልጄ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ክፍሏ ገባች፤ ሁለተኛ መሪ አልይዝም አለችኝ። የማላውቃት ልጅ አይደለችም፤ አልይዝም ካለች አትይዝም። እናቴን ልቆጣት ፈልጌ ፊቷን ሳይ ተውኩት። እሷም የሠራችው ገብቷት ኖሮ እራት አልበላችም።

ጠዋት ወንድሜን ጠርታ፣ የኋላ በሯን ማቃናትህ ካልቀረ ያን ሁሉ ኮተት ነቃቅለህ መኪናዋን እንደ ጥንቷ አድርግልኝ አለችው። ልጅቱ የሸሸችው ከጌጡ ኀፍረት ነው ብላ ራሷን አሳምናለች። ወንድሜ ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ቁርሱን ሳይጨርስ ቁልፎቹን ይዞ ወረደ። እኔም ብሎን ልይዝለት ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ንስሩን ልሰናበተው ነው የሄድኩት።

ወንድሜን መጀመሪያ የገረመው የብሎኖቹ ነገር ነው። ስንት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ኖረው በጣት ይዞራሉ። አባዬ እያንዳንዱን ግራሶ ቀብቶ፣ ከሥሩ ጎማ አንጥፎ፣ የቀዳዳውን ከንፈር ዝገት እንዳይበላው ቀለም አጠጥቶ ነው ያሰረው። «ለዚህ ቆሻሻ ይሄን ሁሉ ልፋት» አለ ወንድሜ። ከዚያ ንስሩን አነሳው።

ከንስሩ ሥር ኮፈኑ ጎድጉዷል። ጡጫ የሚያህል ጉድጓድ፣ ታጥቦ፣ ጸረ ዝገት ተቀብቶ፣ ሳይቃና የተተወ። የፕላስቲኩን አፍንጫ ፈታው፤ ረጅም እጥፋት። ሦስቱን የውሸት ቀዳዳዎች ፈታ፤ ፓራፋንጎው ከዳር እስከ ዳር ወደ ውስጥ ገብቷል። ከፈረሱ ጫማ ሥር የማዕዘን ቅርጽ ያለው ጉድጓድ አለ። ክንፉን ተጋግዘን ስናወርደው የኋላው ክዳን መሐሉ ላይ ሰርጉዷል። ወንድሜ ጉድጓዶቹን በመዳፉ እየዳበሰ ሁለት ጊዜ ዞራት። «አባዬ እኮ ይሄን ሁሉ በግማሽ ቀን ያወጣው ነበር። ለምን ሸፈነው?»

እኔ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። ከዚያ ግድግዳ ማዶ የአባዬና የእማዬ መኝታ ቤት ነው። ማርቴሎ ሲመታ እማዬ ከአልጋዋ ሆና የትኛው መኪና፣ የቱ ጋ እንደሚመታ ታውቃለች። ቢመታው ትሰማለች፤ ቢቀባው አዲሱን ቀለም ታያለች። አራት ብሎን ግን ድምፅ የለውም። ያን አመድ የመሰለ ፊቷን፣ ባትሪውን፣ በካኪ የተጠቀለለውን ነገር አንድ ላይ ሳስበው ጉድጓዶቹ የማን እንደሆኑ ገባኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ነው የምናውቀው፤ በእኛ ቤት የእምዬ እከክ ነው ወደ አብዬ የተለከከው። እሱም አንድ ቀን ሳያክ ተሸክሞት ሞተ።

ለወንድሜ ስነግረው ወዲያው ማርቴሎውን አነሳ። ሳታይ ላውጣው፣ እማዬን እስከ ነገ ድረስ ከቤት አውጥተሽ አቆዪልኝ አለኝ። እኔ ደግሞ ጌጦቹን መልሰን እንግጠማቸው፣ ሐሳባችንን ቀየርን እንበላት አልኩት። ልጅ ሳለን እንደምንጣላው በሹክሹክታ ስንጨቃጨቅ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። መነጽሯን አላደረገችም፤ ለአፍታ ያላየች መስሎኝ ነበር።

መጥታ እጇን ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ቢደክምም መዳፏ አልደከመም። ቀስ እያለች ጉድጓዱን እስከ ዳር ተከተለችው። «የትምህርት ቤቱ አጥር» አለች። ወደ ቀኙ ዞረች፤ «ይቺ የዳቦ ቤቱ በር ናት።» ኮፈኑ ላይ ስትደርስ ጣውላ የጫነ መኪና አለች፤ ከኋላ የውሃ ታንከር። አንዱንም አልረሳችም። ምንም አልነካሽም ብሎ ያሳመናት አባዬ ነው እንጂ እጇማ ሁሉንም ያውቀዋል። የፊት መብራቶቹ ዘንድ ጎንበስ ብላ ሽፋሽፍቱ የተነሳበትን ቦታ ፈለገች። ምንም የለም፤ ብረቱ ልስልስ ነው።

«ይሄኛው ምን ነበር?» ብላ ወንድሜን ጠየቀችው።

«ሥሩ ደህና ነው እማዬ።»

«እንግዲያው ይሄ እንኳ በእውነት አምሮት ነው» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ መሐሉ ላይ ተሰበረና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ያን ያህል ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ለቅሶው ቀን እንኳ። «ጣዕም የለውም እያልኩ በሰው ፊት ስስቅበት ኖርኩ። እሱም እኮ አብሮኝ ይስቅ ነበር።»

ወንድሜ ማርቴሎውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። እማዬ አፍንጫዋን ከጠረገች በኋላ ልጅቷን ጥሪልኝ አለችኝ።

ልጄ ደረቷ ላይ እጇን አጣጥፋ መጣች። አያቷ እጇን ይዛ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ወሰደቻት። ይሄን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ አለቻት። ልጄ «አንድም ጭረት አላሳረፍኩም ስትይ አልነበር?» አለቻት። እማዬ እንደዚያ ይመስላት እንደነበር፣ ማንም እንዳላሳፈራት፣ ነጂ የሆነችውም በዚህ የተነሳ እንደሆነ ነገረቻት። ትናንት የተናገረችውንም ይቅር በይኝ አለቻት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞራ፣ የበሩን አቃናው፣ እሱን ልጅቷ አይታዋለች፤ በቀሩት ላይ ግን ጌጦቹን አባትህ እንዳሰራቸው አድርገህ መልስልኝ አለችው። ሚሊሜትር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌጥ ሲያስር ዋለ። ንስሩን እኔ በጥርስ ሳሙና አሸሁት።

በሳምንቱ ልጄ መሪ ያዘች፤ እማዬ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ከጋራዡ ስንወጣ መንገዱን ስታይ ምሰሶውን ረሳችው። ያው ድምፅ፣ ያው በር። መኪናው ቆመ። የልጄ ዓይን በመስታወቱ ውስጥ ሲቀላ አየሁ። እማዬ ወደ ፊት እንዳየች ናት፤ አፏን ከፈት አድርጋ ዘጋችው።

ወንድሜ ከውስጥ ወጣ። በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። በምሰሶው ላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም ከተቀመጥኩበት አየዋለሁ። መዳፉን አሳረፈበትና ቀና አለ፤ ልጄ እንዳታይ በገላው ከልሎ።

«ምንም አልሆነም» አላት። «ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ሂጂ።»

ሄደች። እማዬ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነበረች።

በማግስቱ ስንነሳ ሙሽሪት በቦታዋ ቆማለች። የኋላ በሯ ላይ ጭራውን ያቆለመመ፣ ቅርፊቱ የሚብለጨለጭ ብርማ ዓሣ ተለጥፏል። እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ነገር አይቼ አላውቅም። ወንድሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቡ ቆሟል።

«ደግሞ ይሄ ምንድነው?» አለች እማዬ።

«አምሮኝ ነው» አላት።

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ በዓሣው ላይ የቀረውን የጣት አሻራ ወለወለችው።