ለደጊቱ የተነፋ ጥሩምባ

አድማሴ ሠላሳ ዓመት የእድር ጥሩምባ ሲነፋ አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ኑሮው ከሰል ማክሰል ነው፤ ክብሩ ግን ጥሩምባው ነበር። በአዲስ ቅዳም አቅራቢያ ባለችው መንደሩ ሰው ሲሞት፣ ጎህ ሲቀድ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋና የሟቹን ስም በአገውኛም ባማርኛም ይጠራል። እሱ ካልነፋ የቅርብ ጎረቤት እንኳ ወሬውን ሰምቶ እንዳልሰማ ይቀመጣል እንጂ ለቅሶ አይሄድም። ደንቡ ነው።

ኮሮና የገባ ጊዜ ቀበሌው ሞት በጥሩምባ እንዳይለፈፍ፣ ቀብር ላይም ከአራት ሰው በላይ እንዳይቆም አዘዘ። አድማሴ ማንም ሳይጠይቀው ጥሩምባውን በጋቢው ጠቅልሎ ወሰደና ለቀበሌው ሊቀመንበር ለአሳምነው በገዛ እጁ አስረከበ። የዋህነት እንዲህ ያደርጋል። ትእዛዙ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። ጎረቤቱ ይኸነው እናቱ ሲሞቱ አላስችል አለውና ጉብታ ላይ ወጥቶ «እናቴ ሞተች፣ ያገር ሰው ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። ደጉ የሚባለው የቀበሌው ሚሊሻ አድማሴን «የማን ድምፅ ነው?» ብሎ ጠየቀው። አድማሴ ድምፅ አይስትም፣ መዋሸትም አይችልበትም። «ይኸነው ነው» አለ። ይኸነው ታሰረ። አድማሴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ «እውነት ነዋ የተናገርሁት» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

በሰኔ የሚስቱ የደጊቱ የቆየ የልብ ሕመም ተነሳባት። ደጊቱ ዝናብ ሆነ ጭቃ፣ የሩቅ ሆነ የቅርብ፣ ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት።

«አድማሴ» አለችው፣ «እኔ የሰዉን ሁሉ አልቅሻለሁ። እንደ ባዳ ዝም ብለህ እንዳትቀብረኝ። ንፋልኝ።»

«እነፋልሻለሁ» አላት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አረፈች። አድማሴ ቀበሌ ድረስ ሮጠ። አሳምነው ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ተቀምጧል፤ ጥሩምባው ከጀርባው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ አድማሴ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለ። «ግን ትእዛዝ ነው። ለእርስዎ ብፈቅድ ነገ ሁሉም ይመጣብኛል።»

«ሦስት ጊዜ ብቻ። ሰው አይምጣ፤ ብቻ ይነፋላት።»

«ጥሩምባ ሰምቶ የሚቀር ሰው አለ? እርስዎው ያውቁታል።»

ማታውኑ አድማሴ፣ ልጁ ፋና፣ ቄሱና መቃብር ቆፋሪው ሆነው ቀበሯት። ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ ከየአጥሩ ኋላ ቆሞ ያያል፤ አንድም ደፍሮ የመጣ የለም። አድማሴ ቃሉን በልቶ ገባና አፈር በያዙ እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ አነጋ።

ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ።

ከወረዳ «ስለ ኮሮና ሕዝቡን ሰብስባችሁ አስተምሩ» የሚል ደብዳቤ መጥቶ ኖሯል። አትሰብሰቡ ለማለት ሕዝብ መሰብሰብ! የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ስለነበር አሳምነው ጥሩምባውን ከሚስማሩ አውርዶ ለደጉ ሰጠው። በዚህ አገር የንጋት ጥሩምባ ለሞት እንጂ ለስብሰባ ተነፍቶ እንደማያውቅ ሁለቱም ዘነጉት። ደጉ ስም አልጠራም። ስም አላስፈለገም፤ ከትናንት ጀምሮ የመንደሩ ሰው ሁሉ ጉሮሮ ላይ የቆመው አንድ ስም ነበር።

ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ፈረሱን ጥቁር ጨርቅ አልብሶ የመጣም ነበር። «ደጊቱ! ደጊቱ!» እያለ ግቢውን ሞላው። አድማሴ የነፋው ደጉ መሆኑን አውቋል፤ የደጉ ትንፋሽ ጫፉ ላይ ይሰበራል። ቢሆንም ያን ጊዜ ገና አለቀሰ። ደስም አለው፣ እንዲህ ያለ ደስታ ካለ።

ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ብዙም ሳይቆይ ከኢንጅባራ ፖሊስ በመኪና ደረሰ። ለቀስተኛውን በዱላ በተኑት። አድማሴን ቀበሌ ወስደው አሳምነው ፊት አቆሙት።

«ማነው የነፋው?» አለ የፖሊሶቹ አዛዥ።

አሳምነው ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። አድማሴ እውነቱን ቢናገር እሱ ቤቱ ይገባል፣ ሊቀመንበሩ ይጠየቃል። ግን እውነቱ ከተነገረ ጥሩምባው የስብሰባ ነበር፤ ደጊቱ ሳይነፋላት ቀርታለች ማለት ነው።

«እኔ ነኝ» አለ አድማሴ። «ለሚስቴ ነው የነፋሁት።»

«ከቢሮ ሰርቆ ነው» አለ አሳምነው ፈጠን ብሎ። አንቱታውንም እዚያው ተወው።

እስር ቤት ሲያስገቡት ይኸነው ጥጉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አያ አድማሴ፣ እርስዎን ደግሞ ምን አመጣዎት?»

«ደጊቱ ሞታ ነፋሁላት።»

ይኸነው ነፍስ ይማር ብሎ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀለት።

«ለእናቴ ግን አልነፉላትም» አለ።